የጾም ጀሪካን

ኅዳር ሲገባ የወንድሜ የጉግሳ ሚኒባስ በአንድ ሊትር ናፍጣ ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ይሄድ ነበር። በየጠዋቱ ከቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም አሥራ አራት የካርጎ ሠራተኞችን አሳፍሮ አውሮፕላን ማረፊያ ያደርሳል፤ ማታ ይመልሳቸዋል። ናፍጣ ለመቅዳት የሚሰለፈው በአማካይ ሦስት ሰዓት ከሃምሳ ደቂቃ ነበር። አማካዩን ያወጣሁት እኔ ነኝ፣ አሥራ ሁለት ሰልፍ መዝግቤ። በሰልፉ ምክንያት ሁለት ጊዜ አርፍዶ ከቀጠረው ድርጅት ሁለት የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደርሶታል። ለሦስተኛ ጊዜ ከሠላሳ ደቂቃ በላይ ካረፈደ ውሉ እንደሚፈርስ በሁለተኛው ደብዳቤ ግርጌ ተጽፏል። እሱና ሚስቱ ሰብሊ ከዚህ ሥራ ሌላ መተዳደሪያ የላቸውም።

የዘይቱን ሐሳብ ያመጣው ተኽላይ ነው፣ የጉግሳ መካኒክ።

«የሺ፣ ተኽላይ መኪናው በዘይት ይሄዳል ይላል» አለኝ ጉግሳ።

«በምን ዘይት?»

«በምግብ ዘይት። ድንች በተጠበሰበት።»

«ሽሮስ? በሽሮ አይሄድም?»

«አንቺ ደግሞ ቀልዱን ተይው! አሮጌ የናፍጣ ሞተር አይመርጥም ነው የሚለው። ዘይቱ በደንብ ተጣርቶ ከናፍጣ ጋር ከተደባለቀ።»

እኔ የምሠራው በሳሙና ፋብሪካ ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። ወደ ፋብሪካው የሚገባው ሞራና ዘይት በስንት ዲግሪ እንደሚረጋ፣ ምን ያህል ውሃና ቆሻሻ እንዳለበት እለካለሁ። ስለዚህ «ላጣራልህ እችላለሁ፤ ግን ዘይቱን የምመርጠው እኔ ነኝ» አልኩት። ተስማማ።

ቦሌ ውስጥ አንድ ምግብ ቤት አገኘን። ምግብ አብሳይዋ ገንዘቤ ትባላለች። የሚጾም ሰው ድንቹ ሥጋ በተጠበሰበት ዘይት መጠበሱን ከሰማ ሳህኑን ትቶ ስለሚወጣ፣ ገንዘቤ መጥበሻዋንም የተረፈ ዘይት የምታጠራቅምበትን ጀሪካንም ለይታ ትይዛለች። በአንዱ ላይ «የጾም»፣ በሌላው ላይ «የፍስክ» ብላ በቀይ ቀለም ጽፋለች። የፍስኩ ውስጥ ስብ አለ፤ ስብ በብርድ ይረጋል። ስለዚህ የጾሙን ብቻ ወሰድኩ። ረቡዕና ዓርብ በየሳምንቱ ስላሉ የጾም ዘይት ዓመቱን ሙሉ አይጠፋም ብዬ አስቤ ነበር።

የመጀመሪያውን ጀሪካን ስከፍት ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸሁ። ሽታው ያረረ ዱቄት፣ የከረመ ዓሣና ሳይደርቅ የታጠፈ ጨርቅ አንድ ላይ ነው። በጨርቅ አጣርቼ የቀረውን በማንኪያ እየለየሁ ተመለከትኩ፦ ጥቁር ፍርፋሪ፣ የዓሣ አጥንት፣ ሦስት ዝንብ፣ አንድ የበረሮ ክንፍ፣ ጫፉ የታኘከ ስቴኪኒ። እጄን በፋብሪካችን ሳሙና አራት ጊዜ ታጥቤ አሸተትኩት። አልለቀቀም። በማግስቱ የፀጉሬ መሸፈኛ፣ ቀጥሎ የትራሴ ልብስ፣ ከዚያ የምጠጣው ውሃ ሳይቀር ያንኑ ይሸት ጀመር። ውሃው በእርግጥ ይሸት እንደሆነ ሌላ ሰው አስጠጥቼ አረጋገጥኩ፤ አይሸትም። ሽታው አፍንጫዬ ውስጥ ነበር።

አሠራሬ ይህ ነው። ጀሪካኖቹን ጉግሳ ቤት ደጃፍ ሁለት ቀን ፀሐይ ላይ አቆማለሁ። ከሰዓት በኋላ ድስት ውስጥ ገልብጬ ውሃው እንዲተን አሞቃለሁ። በትኩሱ፣ በአራት ድርብ ጨርቅ አጣራለሁ። ከናፍጣ ጋር ደባልቄ እዚያው ታንኩ ውስጥ እጨምራለሁ። መጀመሪያ ላይ ናሙና ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀምጬ ነበር፤ በአራት ዲግሪ ትንሽ ደፈረሰ እንጂ አልረጋም። ያንን ሙከራ አልደገምኩትም።

ሌላም ያልደገምኩት ነገር አለ። ከአንድ ወር በኋላ ጨርቁ ላይ የሚቀረውን ማየት ተውኩ። አንድ ቀን ከጉድፉ መካከል ጥፍር የሚመስል ነገር አገኘሁ። ጥፍር መሆኑን ሳላጣራ ጨርቁን ጠቅልዬ ጣልኩት። ከዚያ ወዲህ አፌንና አፍንጫዬን በነጠላ አስሬ፣ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ነው የምገለብጠው። በፋብሪካው ማንም ሠራተኛ እንዲህ ሲያደርግ ባየው ከላቦራቶሪው አስወጣው ነበር።

እኔም ወደ ሥራ የምሄደው በዚያው ሚኒባስ ስለሆነ ተሳፋሪዎቹ የሚሉትን እሰማለሁ።

«ጉግሳ፣ ዛሬ ምንድን ነው? ድንች ነው ዓሣ?» ይላል አብዱልገኒ፣ ጭነት የሚያወርደው።

«ድንች ነው።»

«ኧረ ዓሣ ነው! ሎሚ የያዘ ሰው የለም?»

«አንተስ ትስቃለህ» ትላለች ደሪቱ፣ ከኋላ ወንበር። «እኔን መሥሪያ ቤት ሁሉም ምን ይዘሽልን መጣሽ ነው የሚሉኝ። ሻርፔን ሦስት ጊዜ አጠብኩት።»

«እትዬ ደሪቱ፣ ይታገሡኝ፤ ከማርፈድ ይሻላል» ይላል ጉግሳ።

«እሱስ ይሻላል። ግን መስኮቱን ክፈትልኝ፤ ሊያስመልሰኝ ነው።»

ቢሆንም ከኅዳር እስከ ፋሲካ አንድ ቀን አላረፈደም። ከሚያቃጥለው ስልሳ በመቶው ዘይት ነበር፤ ናፍጣ የሚሰለፈው በሦስት ሳምንት አንድ ጊዜ ሆነ።

ፋሲካ አለፈ። በሳምንቱ ረቡዕ ምሳዬን ዶሮ ወጥ በላሁ፤ ስለ ጀሪካኑ አንድም ሐሳብ አልመጣልኝም። ዓርብ ዕለት ጉግሳ ሁለት ጀሪካን አመጣ። ሁለቱም ላይ «የጾም» ተጽፏል። እሁድ ከሰዓት በኋላ ስገለብጠው ወፈር ያለ መሰለኝ። «ብዙ ጠብሰውበት ነው» ብዬ ፊቴን አዞርኩ። ሲሞቅ ቀጠነ፤ በጨርቁም እንደ ውሃ አለፈ።

ሰኞ ጠዋት ብርዱ አሥራ አንድ ዲግሪ ነበር። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተነሣን፤ ሠራተኞቹ የሚገቡት አንድ ሰዓት ላይ ነው። ጎሮ ስንደርስ መኪናው ጉልበት አጣ፣ ሁለት ጊዜ አሳለና ቆመ። ጉግሳ ወርዶ ፊልትሮውን ፈታ። እኔም አጠገቡ ቆሜ አየሁ፤ ያን ቀን ፊቴን አላዞርኩም። ፊልትሮው ውስጥ ነጭ፣ የረጋ ነገር ሞልቷል። ጉግሳ በጣቱ ሲያወጣው እየተጎተተ መጣ፤ መሬት ላይ ሲያራግፈው የወደቀበት ላይ ተጣብቆ ቀረ። የቀዘቀዘ የዶሮ ስብ ይመስላል። ሽታው ከድንቹም ከዓሣውም የተለየ ነው፤ ቄራ አጠገብ ዝናብ ሲዘንብ እንደሚሸተው።

«ይሄ ዘይት ነው?» አለ አብዱልገኒ ጎንበስ ብሎ። «ዳቦ አምጡና እንቀባው!»

ማንም አልሳቀም። ደሪቱ አፏን በሻርፗ ይዛ ወደ መንገዱ ዳር ሄደች፤ ስታስመልስ ሰማናት።

ጉግሳ ትርፍ ፊልትሮ ነበረው፤ ቀየረው። ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ሄደን እንደገና ቆመ። ታንኩ በሙሉ ያው ስለነበር ተኽላይ በስልክ «ፊልትሮው ላይ ከውጭ የሞቀ ውሃ አፍስስበት» አለ። አንድ ሻይ ቤት ለምነን ሁለት ማንቆርቆሪያ ውሃ አመጣንና እያፈሰስን፣ እየተንቀሳቀስን፣ እየቆምን ደረስን። አንድም ባዶ ታክሲ አላገኘንም።

ከሥራ አስፈቅጄ በቀጥታ ገንዘቤ ዘንድ ሄድኩ። ከወጥ ቤቱ ጀርባ ሽንኩርት ትልጣለች።

«ገንዘቤ፣ የጾሙ ጀሪካን ውስጥ ምን ጨመርሽበት?»

«የቱ የጾም?» ብላ ሳቀች። «አሁን ምን ጾም አለ? ሃምሳው እስኪያልፍ ረቡዕ የለ፣ ዓርብ የለ! አንቺ ክርስቲያን አይደለሽም እንዴ?»

«ነኝ።»

«ታዲያ! ጀሪካን ለምን እለያለሁ? የዶሮውንም፣ የጥብሱንም፣ የበጉን ላት ያቀለጥኩበትንም እዚያው ነው የምገለብጠው። ከሳህን የሚተርፈውን ጮማም።»

«ከሳህን? ሰው የበላበትን?»

«ምን ላድርገው? ለመኪና አይደል እንዴ! መኪና ይጸየፋል?»

እሷ ቀጠለች።

«ደግሞ እናንተ ባትመጡ የጾሙንማ እዚህ ጥግ ላሉት ሳምቡሳ ጠባሾች ነበር የምሰጠው። ደንበኞቼ ነበሩ፤ አሁን አኩርፈውኛል።»

ከዚያ ጥግ አምና በየረቡዑ ሁለት ሁለት ሳምቡሳ ገዝቼ እበላ ነበር። ያረረው ዱቄትና የከረመው ዓሣ ሽታ ጉሮሮዬ ላይ መጣ። ግድግዳው ላይ ተደግፌ እስኪያልፍልኝ ጠበቅሁ።

«ውሃ ላምጣልሽ እህቴ?» አለች ገንዘቤ ደንግጣ።

«ከዚህ ቤት ምንም አልፈልግም» አልኳት። በእሷ ላይ የምናደድበት ምክንያት እንደሌለ ግን እያወቅሁ ነበር። ጾም በሌለበት ወቅት የጾም ጀሪካን መያዝ ነበረባት የሚል ሰው የለም።

ከታንኩ የቀዳሁትን ናሙና ላቦራቶሪ ወሰድኩት። በሃያ ሦስት ዲግሪ ረጋ። ምርመራው የፈጀው ሃያ ደቂቃ ነው።

ማታ ጉግሳ ቤት ሄድኩ። ሰብሊ ልብሱን ውጭ ዘፍዝፋዋለች። እሱ እጁን በናፍጣ ይታጠባል።

«አጣርተሽው ነበር አይደል?» አለኝ።

«አጣርቼዋለሁ።»

«ታዲያ እንዴት አላየሽውም?»

«ስለሚቀፈኝ አላየሁትም።»

አጎንብሶ እጁን መታጠቡን ቀጠለ። ቀና ብሎ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ሐሙስ ዕለት ደብዳቤው ደረሰው። ውሉ ከወሩ መጨረሻ ጀምሮ ፈርሷል፤ በቦታው ሌላ መኪና ተተክቷል። በደብዳቤው ላይ የሰፈረው መዘግየት አርባ አንድ ደቂቃ ነው። በእኔ ሰዓት አርባ አራት ነበር።