የእህቴ ልጅ አፌን ወሰደው

በደሴታችን ራግቢን እንደ እኔ የሚወድ የለም፤ ስለዚህ ስሳደብ ማንም አይታዘበኝ። ጎረቤቴ ሱክራም የእግር ኳስ ሰው ነው። ሸንኮራ አገዳ ጭነን ወደ ፋብሪካው ስንሄድ መንገዱን ሙሉ እንነታረካለን።

«የእናንተ ተጫዋች ዝንብ ስታርፍበት ተንከባሎ እናቱን ይጠራል» እለዋለሁ።

«የእናንተ ደግሞ ቢሞትም ተነስ ትሉታላችሁ» ይለኛል።

ድሮ በዚህ እስቅ ነበር። አሁን አልስቅም።

በግማሽ ፍጻሜው የእህቴ ልጅ ኢሶዋ ጭንቅላቱ ከሰው ጉልበት ጋር ተጋጭቶ ወደቀ። ተነሳ፣ ጨዋታውን ጨረሰ፣ ተጨበጨበለት። ከሜዳው ጀርባ ማንጎው ስር ሲያስታውክ ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ። ደንቡ ግልጽ ነው፤ ጭንቅላቱን የተመታ ሦስት ሳምንት አይጫወትም። ፍጻሜው ደግሞ በሳምንቱ ነው፤ እሱ የሚጫወትለት የአባቱ መንደር ናቱራ ከእኛ መንደር ከዋይቩላ ጋር።

«ለዳኛው ነው የምናገረው!» አልኩት።

«ሞሞ» አለኝ። የእናት ወንድም እንዲህ ነው የሚጠራው። «ቫሱህ ነኝ። ዝምታህን ስጠኝ። ለማንም አንዲት ቃል እንዳትተነፍስ።»

ደሜ ፈላ። ቫሱ፣ የእህት ልጅ ማለት፣ ከአጎቱ የጠየቀውን አይከለከልም። አምና የጀልባዬን ሞተር ሲወስድ ጥርሴን ነክሼ ሰጥቻለሁ። ዝምታ የሚጠይቅ ቫሱ ግን ሰምቼም አላውቅ።

«አሳማዬን ውሰድ! ጀልባውንም ጨምረህ ውሰድ!»

«አሳማህን ምን አደርገዋለሁ?»

ሰጠሁት። ምን ምርጫ አለኝ? ለእናቱ ለሎሳሊኒ እንዳልነግር ደግሞ ድሮም አላናግራትም። በእኛ ዘንድ እህትና ወንድም ካደጉ በኋላ ፊት ለፊት አይነጋገሩም፤ ነውር ነው። ይህን ሁሉ ክልክል የደነገጉትን አያቶቼን ያን ሳምንት በሆዴ ስረግማቸው ሰነበትኩ። የናቱራን አሰልጣኝማ ተዉት! ልጁ ልምምድ ላይ ሲንገዳገድ እያየ «ወንድ ነው፣ ይችለዋል» ይል ነበር። ሌላ የሚያሰልፈው ወንድ አጥቶ ነው?

የፍጻሜው ቀን ሱክራም ሳይቀር ሊያበሽቀን መጥቶ አጥሩ ላይ ተቀምጧል። ቡድኖቹ ተሰለፉ። ኢሶዋ ፀሐዩን መቋቋም አቅቶት ዓይኑን ይጨፍናል። አላስቻለኝም። አፌን ወሰደው እንጂ እግሬን አልጠየቀኝም። ሰተት ብዬ ሜዳ ገባሁና ፊቱ ቁጭ ብዬ ሁለቱን እግሮቹን በክንዴ አቀፍኩ።

ሜዳው በጩኸት ተናጋ።

«እናንተ ዋይቩላዎች፣ በጉልበት ሲያቅታችሁ በሽማግሌ መጣችሁ?» ይላሉ ናቱራዎች።

«ቪሊኬሳ፣ አታዋርደን! ውጣ!» ይላሉ የገዛ መንደሬ ሰዎች።

ሁለት ጎረምሶች ሲጎትቱኝ ሸሚዜ ተቀደደ። ኢሶዋ ጎንበስ ብሎ «ሞሞ፣ ቃል ሰጥተኸኛል» አለኝ በሹክሹክታ። ከአፌ ምን ወጣ? አልተናገርኩም። ቃሌን ጥርሴ እስኪያመኝ ነክሼ ይዤዋለሁ፤ እሱንም፣ አሰልጣኙንም፣ የሚጮኸውን ሕዝብ ሁሉ ባገኘሁት ነገር ብመታ ደስ ይለኝ ነበር። ሱክራም ብቻ አልጮኸም፤ ከአጥሩ ወርዶ ቆሟል።

ድንገት ጩኸቱ ረገበ። ቀና ስል ሎሳሊኒ ሰዎቹን እየገፋች መጥታ ከራሴ በላይ ቆማለች። ጎረምሶቹ ደንግጠው ለቀቁኝ። ልጆች ሳለን የሰማሁት ድምጿ ነው፤ ትንሽ ሻክሯል እንጂ አልተለወጠም።

«ወንድሜ፣ ልጄ ምን ሆኗል?»

ሰው ሁሉ እየሰማ፣ እኔን፣ ፊት ለፊት። ከንፈሬን ነከስኩ። መናገር አልችልም፤ እንባዬ ግን ማንንም ሳያስፈቅድ ወረደ።

ኢሶዋ እናቱን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ ዳኛው የያዘውን አንድ ኳስ ዓይኑን አጥብቦ አየ።

«እማ» አላት፣ «ዳኛው ሁለት ኳስ ነው የያዘው።»

እግሮቹን ያኔ ለቀቅኩ።