ሁለተኛው ዓይን

ቋ! ቋ! ቋ!

መዶሻው የሚሰማው ከተዘጋው የትምህርት ቤቱ አዳራሽ ውስጥ ነው። የብርጓል ከውጭ ግድግዳውን ተደግፋ ትቆጥራለች። አንድ ምስማር ተመታ ማለት አንድ ሥዕል ምርጫውን አለፈ ማለት ነው። የተማሪዎቹ የሥዕል ዐውደ ርእይ ቅዳሜ ይከፈታል፤ ግድግዳው የሚይዘው ዐሥራ ሁለት ሥዕል ብቻ ነው። ዐሥራ አንድ ምስማር ተመታ። ከዚያ ጭጭ አለ።

«የአንቺ ላይ ደረሱ» አለች ጓደኛዋ እየሩስ። «ምናለ ለሰውዬው ሌላውን ዓይን ብትጨምሪለት? ቀለም አለቀብሽ?»

«አላለቀብኝም።»

«እንግዲያ ዓይን ሰስተሽ ነዋ!»

የብርጓል አልሳቀችም። አባቷ ቄስ ገዳሙ በትንሿ የአምበር ከተማ ዙሪያ የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ይሥላሉ። ቀለም መበጥበጥ ያስተማሯት እሳቸው ናቸው፤ ነገር ግን ከቤተ መቅደስ ውጭ ያለ ሥዕል ለእሳቸው የልጅ ጨዋታ ነው። እንዲያም ሆኖ ቅዳሜ በሚኒባስ ደብረ ማርቆስ መጥተው ሊያዩላት ቃል ገብተዋል። ግድግዳው ላይ ካላገኙት ነገሩ አበቃ፤ «ይኸው፣ አላልኩሽም?» ብለው ብሩሿን ይዘውባት ነው የሚመለሱት።

በሩ ተከፈተ። «ነይ ግቢ» አላት የሥዕል ክበቡ ኃላፊ ቲቸር ሙላት፤ መዶሻው እጁ ላይ ነው።

ውስጥ ሁለት ሰዎች አሉ። ለምርጫው የተጋበዙት አዛውንቱ የቅኔ መምህር የኔታ ፍቅረ ሥላሴ መቋሚያቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። ምክትል ርዕሰ መምህሩ አቶ እንዳላማው ግን ቆመዋል። ምስማሩን ከዕቃ ቤት ያስወጡት እሳቸው ናቸውና እሺ ላሉት ሥዕል አንድ አንድ እየቆነጠሩ ይሰጣሉ። መዳፋቸው ውስጥ አንዲት ቀርታለች።

የብርጓል ሥዕል ጠረጴዛው ላይ ቆሟል፤ በጣውላ የተወጠረ አቡጀዲ። የግቢው ትልቁ የዋንዛ ዛፍ ተቆርጦ ተጋድሟል። ተማሪዎች ዙሪያውን ከበውታል፤ ሁሉም ፊታቸው ሙሉ፣ ዓይናቸው ሁለት ሁለት። ባርኔጣ ያደረገ አንድ ሰው ብቻ ጎኑን ሰጥቶ ቆሟል፤ ያለው አንድ ዓይን ነው።

«የኔታ፣ በቤተ ክርስቲያን ሥዕል በአንድ ዓይን የሚሣለው ማነው?» አሉ አቶ እንዳላማው።

«ይሁዳ ነዋ። አጋንንትም አሉበት።»

«ሰማህ ሙላት? የቄስ ልጅ ናት፣ አውቃ ነው! እኔን ነው ይሁዳ ያደረገችኝ!»

የኔታ ተነሥተው ሥዕሉን ቀረብ ብለው አዩት። «ስም አልተጻፈበትም። እርስዎ መሆንዎን በምን አወቁ?»

ቲቸር ሙላት ሳቁን በሳል አፈነው። አቶ እንዳላማው ባርኔጣቸውን ከራሳቸው አነሡና ከጀርባቸው ደበቁት።

«ብሩሽ ስጣት። ሁለተኛውን ዓይን ትጨምርና ምስማሯን ትውሰድ። እምቢ ካለች ሥዕሏን ተሸክማ አምበሯ ትግባ!»

«የብርጓል፣ አንዲት ነጥብ ናት እኮ» አላት ቲቸር ሙላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አባቴ ይመጣሉ ብለሽኝ የለ?»

ብሩሹን ተቀበለች። ከገጠር መጥተው ቤት የተከራዩት ልጆች ምሳቸውን የሚበሉት በዚያ ዋንዛ ጥላ ሥር ነበር፤ እሷም ብቻዋን እየተቀመጠች የምታልምበት፣ ከመሬት የወጣ አንድ የዛፉ ሥር ነበራት። አሁን ከሱ የቀረው ይህ አቡጀዲ ነው።

«ጋሼ፣ አልዋሽም፤ እርስዎ ነዎት» አለች። «ግን ይሁዳ ብዬ አልሣልኩዎትም። ዋንዛውን ያስቆረጡ ቀን ያን ሁሉ ሰዓት ቆመን ‹ለምን?› ስንልዎት አንድ ጊዜ እንኳ ዞር ብለው አላዩንም። ያኛውን ዓይንዎን አላየሁትም። ያላየሁትን አልሥልም።»

«እዩልኝ ይህቺን ምላስ!»

«ጨምሪ ካሉ እጨምራለሁ። ይቀመጡልኝና ፊት ለፊት ይዩኝ።»

የኔታ ወንበሩን በመቋሚያቸው ገፉት። «እውነቷን ነው። አይታ ትሣል እንጂ! ይቀመጡ።»

አቶ እንዳላማው እየተነጫነጩ ተቀመጡ። የብርጓል ብሩሹን ጥቁሩ ቀለም ውስጥ ነክራ ጠበቀች። ብሩሹን አዩ። የሹራቧን ቁልፍ አዩ። መስኮቱን አዩ፤ በመስኮቱ የዋንዛው ጉቶ ይታያል። ቶሎ ብለው ወደ ጫማቸው አቀረቀሩ።

«ወደ እኔ፣ ጋሼ።»

አላዩም።

«ወደዚህ ጋሼ፤ እዚህ ነኝ። ለምን አስቆረጡት?»

ከብሩሹ ጫፍ አንዲት ጠብታ ወለሉ ላይ ጠብ አለች። እስኪመሽም ቢሆን ቆማ ትጠብቃቸዋለች።

አቶ እንዳላማው ተነሡ። ባርኔጣቸውን አደረጉ። በላብ የራሰችውን ምስማር ወንበሩ ላይ አኖሩና ማንንም ሳያዩ ወጡ።