አዝመራ ገብታለች

አዝመራ ወረፋ እንዲይዝላት ያስቀመጠችው ድንጋይ ቅዳሜ ከረፋዱ አራት ሰዓት ተኩል ላይ ኤግዚቢሽኑ ውስጥ ገባ። የገባው ልጇን ይዞ ነው።

ኤግዚቢሽኑ ከክብሪት እንጨት ቤት የሚሠሩ ሰዎች በዓመት አንድ ቀን የሚገናኙበት ነው። አዝመራ ወሬውን የሰማችው ፀጉር ቤት፣ ከቴሌቪዥን ነበር። ከወለደች ስምንት ወር ሆኗታል፤ ከጤና ጣቢያ፣ ከጉሊትና ከፀጉር ቤት በቀር የትም ሄዳ አታውቅም። ባሏ ደረሰ «ሂጂ እንጂ፣ ስድስት ሰዓት ላይ ከሥራ ስወጣ መጥቼ እወስዳችኋለሁ» አላት። ኤልዳናን አዝላ ከሁለት ሰዓት ጀምሮ ተሰለፈች።

ሰልፉ አጋማሽ ላይ ልጅቷ አረጠበች። መለወጫ አልተያዘም። አዝመራ ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው ከአጥሩ ሥር ጉልቻ የሚያህል ድንጋይ አንስታ ቦታዋ ላይ አኖረች። እንዳይምታታ መታወቂያዋን ከሥሩ አደረገች። ልጇን ከኋላዋ ለነበሩት ሻሽ ያሰሩ ሴትዮ አቀበለች።

«እትዬ፣ ዳይፐር ገዝቼ ልምጣ። አንድ አፍታ ነው።»

«ሂጂ የኔ ልጅ። ድንጋዩም አለ፣ እኔም አለሁ።»

ዳይፐሩ የተገኘው ሦስተኛው ሱቅ ላይ ነው። ስትመለስ ሰልፉ ውስጥ ድንጋዩም፣ ሴትዮዋም፣ ልጅቷም አልነበሩም። በር ላይ ዘበኛው መዝገብ ይዞ ተቀምጧል።

«ስም?»

«አዝመራ ታከለ።»

በጣቱ መዝገቡን ወረደበት። «አዝመራ ታከለ ከነልጇ ገብታለች።»

«አዝመራ እኮ እኔ ነኝ፣ ጋሼ።»

«መታወቂያ?»

«ድንጋዩ ሥር ነው ያለው።»

«እሱን አይቼ ነው ያስገባኋት።»

«ድንጋይ እኮ ነው።»

«እህቴ፣ ወረፋዋን ጠብቃ ነው የገባችው። አንቺ የት ነበርሽ?»

አዝመራ ዳይፐሩን አሳየችው። ዘበኛው አገላብጦ አየውና «ልጅ አለሽ እንዴ?» አላት። ከዚያ ቀጣዩን ሰው ጠራ።

በጎን ዞራ በመስኮት አየች። ድንጋዩ ወንበር ተሰጥቶታል። ኤልዳና አጠገቡ ተቀምጣ ተደግፋዋለች። አታለቅስም። ቤት ውስጥ ይህን ያህል ጊዜ ዝም ብላ አታውቅም። አንድ መነጽር ያደረገ ሰውዬ ባለ ሦስት ፎቅ የክብሪት ቤቱን ድንጋዩ ፊት አስቀምጦ ክፍሎቹን አንድ በአንድ ያስረዳ ነበር።

«እንዲህ ረግቶ የሚያይ ሰው ዘንድሮ ብርቅ ነው» አለው ለጓደኛው። «ሌላው ስልኩን ነው የሚጎረጉረው።»

«ልጇስ ብትሆን? አስተዳደግ ማለት ይሄ ነው።»

ሻሽ ያሰሩት ሴትዮ በመስኮቱ ሲያልፉ አዝመራ መስታወቱን አንኳኳች። ገርበብ አደረጉላት።

«እትዬ፣ ልጄን ይስጡኝ።»

«ላንቺ እንዴት ብዬ? ሰልፉ ሲንቀሳቀስ ለእናቷ ሰጠኋት።»

«እናቷ እኔ ነኝ። ከእኔ እጅ አይደል እንዴ የተቀበሉኝ?»

«የተቀበልኩሽማ ካንቺ ነው» አሉ ሴትዮዋ፤ አልተቆጡም። «ግን ልጄ፣ አንቺ ሄድሽ። እሷ አልሄደችም።»

ብርድ ልጅቷን እንዳያገኛት ብለው መስኮቱን ዘጉት።

ስድስት ሰዓት ላይ ደረሰ መጣ። አዝመራ ሮጣ ክንዱን ያዘችው።

«ደረሰ፣ ኤልዳናን አውጣልኝ። አያስገቡኝም።»

በትሕትና ክንዱን አስለቀቀ። «ይቅርታ እህቴ፣ ቤተሰብ እየጠበቀኝ ነው።»

«ደረሰ። እኔ ነኝ።»

ቆም ብሎ ፊቷን አየ። በደንብ ነው ያየው፤ ቅንድቧ ላይ ያለችውን ጠባሳ ሳይቀር። «ትመሳሰላላችሁ» አለ። «የኔ ሚስት ግን ልጇን ለማታውቀው ሰው ሰጥታ አትሄድም።»

ዘበኛው መዝገቡ ላይ ስሙን ጽፎ አስገባው።

ስድስት ሰዓት ኤልዳና የምትጠባበት ሰዓት ነው። ሌላ ቀን በዚህ ሰዓት የአዝመራ ጡት ከመወጠሩ የተነሳ ያማት ነበር። እጇን ነጠላዋ ሥር ከታ ዳሰሰችው። ከመውለዷ በፊት እንደነበረው ሆኗል፤ ደረቅ ነው።

በሩ ተከፈተ። ደረሰ ኤልዳናንና ድንጋዩን አንድ ላይ ደረቱ ላይ አቅፎ ወጣ። «ደክሞሻል መሰለኝ» ይላል በዝግታ፣ ወደ ድንጋዩ አጎንብሶ። ድንጋዩ ላይ ሁለት እርጥብ ክቦች ይታያሉ። ዘበኛው ተነስቶ ሶፍት ሰጠው። ደረሰ ጠረገላት፤ ወዲያው መልሶ ረጠበ። የኤልዳና ከንፈር በወተት ነጭ ነበር።

አዝመራ ደረጃው ሥር ቆማ ሁለት እጇን ዘረጋች። «ነይ፣ የኔ እናት» አለች።

ኤልዳና አየቻት። ከዚያ ሕፃን እንግዳ ሰው ሲያይ እንደሚያደርገው ዞር ብላ ፊቷን ድንጋዩ ውስጥ ደበቀች። እስከ ጆሮዋ ገባ።