የሊድያ ጥናትና የጦና ሰንጋ ማኅበር

መስከረም 15 ቀን 2003 ዓ.ም.፣ በወላይታ ዘመን መለወጫ በጊፋታ ዋዜማ፣ ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ ከሶዶ ወደ ዱቦ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለው በአጎቴ በአቶ ጦና ግቢ ተሰብስበን ነበር። የሰንጋ ማኅበራችን ሰብሳቢ አጎቴ ጦና፣ ከሸንኮራ ቆረጣ ለበዓል የመጣው ኤልሳዕ፣ አናጢው እሸቴ፣ እኔና ሌሎች አራት አባላት ነበርን። ከማኅበሩ ውጭ የሆኑ ሁለት ሴቶችም ነበሩ። አንዷ የገሱባ ልጅ፣ በዩኒቨርሲቲው የጤና መምህርት የሆነችው ሊድያ ናት። ሌላዋ ከአዲስ አበባ የመጡት ዶክተር የትምወርቅ ናቸው። በአማርኛ የተነጋገርነውም ለእሳቸው ሲባል ነው።

የዶክተሯ ድርጅት ምርምር ለጀመሩ ወጣቶች የመነሻ ገንዘብ ይሰጣል። ካመለከቱት ብዙዎች መካከል ለመጨረሻው ምርጫ የቀሩት ሊድያና ሁለት ሌሎች ናቸው፤ ገንዘቡ ግን ለአንድ ሰው ብቻ ነው። ዶክተሯ የመጡት ሊድያ በወረቀት ያቀረበችው ሐሳብ በሰው ግቢ ውስጥ ይሠራ እንደሆነ በዓይናቸው ለማየት ነው። በዚያ ቀን አንድ ማኅበር እንኳ እሺ ካላላት ዕድሉ ለሌላ ይሄዳል።

ሐሳቧ እንዲህ ነው። ከወላይታ ወጥቶ የሚሠራ ወንድ ብዙ ነው። ሊስትሮው፣ ሸንኮራ ቆራጩ፣ እንደ እኔ ሎተሪ የሚያዞረው ለጊፋታ ይመጣል፤ በዓሉ ሲያልፍ ይመለሳል። በምንሠራበት ከተማ የሚያውቀን የለም። እዚህ ስንመጣ ደግሞ ጤና ጣቢያው በዓል ነው ብሎ ሥራ ይቀንሳል። ሊድያ፣ «የኤች አይ ቪ ምርመራና ምክር ለሁሉም ነው ይባላል። እነዚህ ወንዶች ግን እዚያም ይዘለላሉ፣ እዚህም ይዘለላሉ። ሚስቶቻቸውም አብረው ይዘለላሉ» ትላለች። ለጊፋታ የመጣ ወንድ አብዛኛው ሰንጋ የሚያርድበት ማኅበር አለውና በማኅበራቱ በኩል ልታገኘን አሰበች።

እኛ ዘንድ ስትመጣ ሰንጋው ታርዶ ቆዳው እየተገፈፈ ነበር። ምርመራው በዓሉ ሲያልፍ ማክሰኞ እንደሚሆን ጭምር ቆማ አስረዳችን።

«ደማችንን ልትወስጂ ነው እንግዲህ» አለ ኤልሳዕ ቢላውን እየሳለ። «የኔን ሸንኮራው ጨርሶታል።»

«ከጣትህ አንዲት ጠብታ ናት። ሰንጋው ይኼን ሁሉ ሲሰጥ እንዳንተ አላወራም» አለችው።

ሳቅን። አጎቴ ጦና ግን አልሳቁም፤ እያሰቡ ነበር። ከአባላቱ በዕድሜ የገፉትን ወደ እንሰቱ ሥር ወስደው ተነጋግረው ተመለሱ።

«እንመረመራለን፤ ስምንታችንም» አሉ። «ግን የሁሉም ውጤት ለእኔ ይነገረኝ።»

«ለምን ለእርስዎ ጋሼ?»

«በዚህ ማኅበር የሚደበቅ ነገር የለም። አምና እሸቴ ከጣሪያ ወድቆ ሲተኛ መሬቱን ያረስነው እኛ ነን። ሚስቱ ስትወልድ ቅቤ ያዋጡት ሚስቶቻችን ናቸው። የታመመውን ሳናውቅ እንዴት ነው የምንደግፈው? አንድ ቢላ፣ አንድ ሰንጋ ነን።»

ሁላችንም ራሳችንን ነቀነቅን። የቀረው የሊድያ እሺታ ብቻ ነበር። እሺ ካለች ዶክተሯ ስምንት ወንድ በአንድ ጊዜ ሲስማማ አዩ ማለት ነው።

«በዚህ ከሆነ አልመረምርም» አለች ሊድያ።

«እንዴ!» አለ ኤልሳዕ። «ስትለምኚን ቆይተሽ እሺ ስንልሽ እምቢ? እንደ አንዲት የሶዶ ገበያ ነጋዴ ሆንሽ፤ በጠራችው ዋጋ እሺ ስላት ዕቃዋን ሰብስባ ሄደች።»

«ውጤቱ የባለቤቱ ነው። ሊነግራችሁ ከፈለገ አፍ አለው። እኔ ከአፉ ነጥቄ አልሰጣችሁም።»

አጎቴ ከፋቸው። «ማኅበሩን አላመንሽውም ማለት ነው» ብለው ወደ ሥጋው ሄዱ። ሌሎቹም ተከተሏቸው።

እኔ ቅጠል ስዘረጋ ከሁለቱ ሴቶች አጠገብ ነበርኩ። ዶክተር የትምወርቅ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ሊድያ፣ ዛሬ የማየው ሌላ ማኅበር አለ?» አሏት።

«የለም ዶክተር።»

«እንግዲያው ምን አስበሻል?»

«ዛሬ በዚህ ብስማማ በኋላ ውጤቱ የወጣበት ሰው ይከፋዋል፤ ወሬው ከሶዶ እስከ ዲምቱ ይደርሳል፤ ከዚያ በኋላ ማንም አይመጣልኝም። አልጨረስኩም፤ ትንሽ ይታገሱኝ።» ድምፅዋ እንደ መጀመሪያው ነበር።

ሥጋው ስምንት ቦታ ተመደበ። ከጉበቱም፣ ከሻኛውም፣ ከጎድኑም ለየመደቡ ተዳርሶ በእንሰት ቅጠል ላይ ተቀመጠ። ቀጥሎ ዕጣ ነው። እያንዳንዱ ሰው አንድ ምልክት ይሰጣል፤ ጭራሮም፣ ጠጠርም፣ ቁልፍም ሊሆን ይችላል። ዕጣ የምጥለው እኔ ነበርኩ፤ አጎቴ ትከሻዬን ይዘው ወደ ግድግዳው አዞሩኝና ምልክቶቹ በባርኔጣ መሰብሰብ ጀመሩ።

ሊድያ መጥታ ከኋላዬ ቆመች።

«ጋሼ ጦና፣ ፊቱን ለምን አዞሩት?»

«የቱ ምልክት የማን እንደሆነ እንዳያይ ነዋ። ገሱባ ሥጋ አይከፋፈልም?»

«የእኅትዎ ልጅ አይደለም እንዴ? አያምኑትም?»

«ማመን ሌላ ነው። ካየ እጁ ያዳላል። ለወደደው ሻኛ፣ ለጠላው አጥንት ይጥላል። ባያደርገው እንኳ አደረገ ይባላል፤ ማኅበር የሚፈርሰው እንዲህ ነው።»

«እንግዲያው ፊት ማዞር ማኅበሩን አለማመን አይደለም።»



«ጋሼ፣ ተያዙ» አለ ኤልሳዕ።

«እኔም የምለው ፊታችንን እናዙር ነው» አለች። «ሰው ስሙን ሳይጽፍ ቁጥር ይወስዳል፤ ውጤቱን ከመርማሪዋ ጋር ለብቻው ይሰማል። ማንም ስለማያይ የሚያዳላለት የለም፤ የሚሸሸውም የለም። ድጋፍ ሲያስፈልገው ይነግራችኋል፤ ያኔ ታርሱለታላችሁ። እሸቴ የወደቀ ቀን ማን ነገራችሁ?»

«ራሱ ነው የጮኸው» አለ ኤልሳዕ። «ገበያ ድረስ ተሰምቷል።»

«እግሬ ተሰብሮ ልዘምርልህ ነበር?» አለ እሸቴ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ንግግሩን ለወጠ። «ጋሼ፣ በዚህ በሁለተኛው መንገድ ከሆነ እመረመራለሁ። በፊተኛው ግን አልሄድም ነበር። ማክሰኞ ማለዳ አሳብሬ መጥፋቴ ነበር። እሺ ያልኩት እምቢ ማለት ስላፈርኩ ነው።»

አጎቴ ሌሎቹን ጠየቁ። «እንደ እሸቴ ያሰበ ሌላ አለ?»

 ከኋላዬ የሚሰማው መሬት የሚጭር እግር ብቻ ነበር። እኔም ከግድግዳው ፊቴን አላነሣሁም።

 «እኔ እኮ አንድ ሆነን የተስማማን መስሎኝ ነበር» አሉ አጎቴ ጦና። ይህን ሲሉ ቁጣ አልነበረባቸውም። ባርኔጣውን አንሥተው ሰጡኝና፣ «ጣል» አሉኝ። ምልክቶቹን በየመደቡ ላይ ጣልኩ። ሻኛው ያማረው መደብ ለኤልሳዕ ደረሰ፤ ሸንኮራ ቆራጭን እግዜር ይወዳል እያለ አሰለቸን።

ሥጋው ከተነሣ በኋላ አጎቴ ወደ ሊድያ ሄዱ። «ነገ በዓል ነው፤ ሰኞም ጨዋታ ነው። ማክሰኞ የት እንምጣ?»

«ቤተ ክርስቲያኑ ሜዳ ላይ ድንኳን ይተከላል። ጤና ጽሕፈት ቤቱ መርማሪዎች ሰጥቶኛል። ሴቶችም ይመጣሉ፤ የደም ግፊትም ይለካል፤ ማን ለምን እንደገባ አይታወቅም። ውስጥ ገብቶ አልፈልግም ያለም በሰላም ይወጣል።»

«ለካስ አስበሽበታል።»

«አንድ ዓመት ሙሉ ጋሼ።»

ለዶክተር የትምወርቅ ጥሬ ሥጋ ዳታ ከሚባለው የበርበሬ ማባያ ጋር ቀረበላቸው። በርበሬው ዓይናቸውን አስነባው፤ ኤልሳዕም፣ «ይኼም ምርመራ ነው ዶክተር፤ ውጤቱን ግን ሁላችንም አየን» አላቸው። እየሳቁ ዓይናቸውን ጠረጉ። ከዚያ ሊድያን፣ «ሌሎቹ ማኅበራት እምቢ ካሉሽስ?» ብለው ጠየቋት።

«ለምን እምቢ እንዳሉ እጠይቃለሁ። ከጦና ማኅበር ዛሬ የተማርኩትን ቢሮዬ ተቀምጬ አላገኘውም ነበር።»

«ገንዘቡን ብታጪስ?»

«ማክሰኞ ድንኳኑ ይተከላል» አለች ሊድያ። «ገንዘቡ ከመጣ ድንኳኖቹ ይበዛሉ።»

ማክሰኞ ዕለት ስምንታችንም በተለያየ ሰዓት ሄደን ተመረመርን። የመነሻ ገንዘቡ በኅዳር ወር ለሊድያ ተሰጠ፤ እሷም ሥራዋን በዲምቱ ጀመረች።