ልብሱን ያወለቀው ዛፍ

ጠዋት በሩን ስከፍት መንገዱ ገና እርጥብ ነበር። መጥረጊያዬን ይዤ ወጣሁና ደጄ ላይ የረገፉትን ያንግ የሚባለውን ግዙፍ ዛፍ ፍሬዎች መጥረግ ጀመርኩ። በሚያዝያ ክንፍ ያላቸው ፍሬዎች ከላይ እየተሽከረከሩ ይወርዳሉ፤ ካልተጠረጉ ቦዩን ይደፍኑታል። የቡድሃ መነኮሳቱ ለምጽዋት ሲያልፉ በየማሰሮዎቻቸው ትኩስ ሩዝ ጨመርኩ። ከመንገዱ ማዶ ጎረቤቴ ቡዋኪያው የኑድል ሱቋን ከፍታ ድስቷን ጥዳለች።

"መምህርት፣ አስፋልቱን ልትልጪው ነው እንዴ? ተይው፣ መኪና ይጠርገዋል" አለችኝ።

"አንቺም ደጅሽን ጥረጊ። ደንበኛሽ አንሸራቶት ይወድቃል።"

"ይውደቅ። የወደቀ ሰው ይቀመጣል፣ የተቀመጠ ሰው ይበላል።"

እንደዚህ ነው የምንነጋገረው። ያን ቀን ሁለታችንም ቀና ብለን በሱቋ ፊት ያለውን ዛፍ ሳናይ ተነጋገርን። ረፋድ ላይ ሊቆርጡት እንደሚመጡ እናውቅ ነበር።

በሰሜን ታይላንድ ከቺያንግ ማይ ወደ ላምፉን በሚወስደው አሮጌ መንገድ ግራና ቀኝ የቆሙት ያንጎች ዛሬ ካለነው ማንም ሳይወለድ የተተከሉ ናቸው። ከገዳሙ በር እስከ ድልድዩ ያሉትን የሚጠብቀው የእኛ መንደር ነው። ሚስማር አናስመታም፣ ግንዳቸው አጠገብ ቆሻሻ አናስቃጥልም፣ የደረቀ ቅርንጫፍ ስናይ ዛፍ የሚወጡ ሠራተኞችን ከከተማ እናስመጣለን። የጠባቂዎቹ ሰብሳቢ እኔ ነኝ። ከእኔ በፊት ሟቹ ባለቤቴ ሱታት ነበር።

አንድ ጊዜ መንገዱን እናሰፋለን ተብሎ ዛፎቹ ሁሉ በቀለም ምልክት ተደርጎባቸው ነበር። ሱታት ከቀድሞው የገዳም አለቃ ጋር ተማከረና ሁለቱ ዛፎቹን አመነኮሷቸው። ጸሎት ተደርሶ እያንዳንዱ ግንድ የመነኩሴ ልብስ ተጠመጠመለት። የመነኩሴ ልብስ በለበሰ ነገር ላይ መጋዝ የሚያነሳ ሠራተኛ ታጣ፤ መንገዱም ጠባብ እንደሆነ ቀረ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ፣ በሚያዝያ የአዲስ ዓመታችን ውሃ ከተረጨ በኋላ፣ በአሮጌው ልብስ ላይ አዲስ እንደርባለን። አሮጌውን ግን አናወልቅም። ማውለቅ ምንኩስናን ማፍረስ ነው ብለን ስለምናምን አንድም ዓመት ያወለቀ የለም።

በቡዋኪያው ሱቅ ፊት ያለው ዛፍ ወደ ጣሪያዋ ያዘነበለ ነው። ባለፈው ሳምንት በነፋስ አንድ ወፍራም ቅርንጫፍ ተገንጥሎ የጓዳዋን ጣሪያ ጥግ ይዞ ወረደ። ጓዳው ውስጥ ባሏ ካምሙን ተኝቶ ነበር። እግሮቹ ከከዱት ቆይተዋል። ጭንቅላቱ ካለበት ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ የጣሪያው ሸክላ ወድቆ ተሰበረ። የመንገድ መሥሪያ ቤቱ ሰዎች መጥተው አዩና ቁርጡን ነገሩን፤ ዛፉ ጤነኛ መሆኑን ካሳያችሁን ይቀራል፣ ካላሳያችሁን ከክረምቱ በፊት ይቆረጣል። እኔም የዛፍ ሐኪም የሚባሉትን ሰዎች ጠራሁ።

ሁለቱም ወገን በአንድ ረፋድ ደረሱ። መሥሪያ ቤቱ ክሬንና ጭነት መኪና ይዞ መጣ፤ ኢንጂነሩ ቲራዩት የሚባል ላብ የማይለቀው ሰው ነው። ከከተማ የመጣው የዛፍ ሐኪም ኖራሴት ገመዱን ትከሻው ላይ እንዳንጠለጠለ ዛፉን ዞረውና በእንጨት መዶሻ መታ መታ አደረገው። ከዚያ ወደ እኔ መጣ።

"መምህርት፣ ምንም አይሰማኝም። ሐኪም በብርድ ልብስ ላይ ሳንባ አያዳምጥም። ይህን ልብስ አውልቁልኝ።"

ከተሰበሰበው ሰው መካከል አንዲት እናት ልጇን ወደ ኋላ ሳበች።

"የነካው እጁ ይደርቃል" አለች ቡዋኪያው፣ ማማሰያዋን እንደያዘች። "ቀድመህ ጓንትህን አውልቅ፣ ጓንቱ ለባለቤትህ ይተርፋታል።"

ኖራሴት ሳቀ። ሌላ የሳቀ የለም። የገዳሙን አለቃ አስጠራን። በዝግታ መጡ፤ ዛፉን ሳይሆን ሰማዩን ቀድመው አዩ። በተራራው በኩል ደመናው መጥቆር ጀምሯል፤ በዚህ ወር ከሰዓት በኋላ የሚነሳውን ነፋስ ሁላችንም እናውቀዋለን።

"አባታችን፣ ማውለቅ ይቻላል?" አልኳቸው።

"የታመመ መነኩሴ ሐኪም ፊት ልብሱን ያወልቅ የለም እንዴ? እኔ ባለፈው ዓመት ለኪንታሮቴ አውልቄያለሁ። አሁንም መነኩሴ ነኝ።"

አጭር ጸሎት አደረሱና የላይኛውን ልብስ ራሳቸው ፈቱት።

የላዩ ብርቱካንማ ነበር። ቀጥሎ ፀሐይ የበላው መጣ፤ ከዚያ አፈር የመሰለ። አንዱን ገልጠን ስናነሳ ጭቃ በክር መልክ ተጣብቆበት አየን። ምስጥ ነበር። ጨለማና እርጥበት አግኝቶ በልብሶቹ መካከል መንገዱን ሠርቷል። ከዚያ በታች ያሉት በእጃችን ላይ እንደ ረጠበ ወረቀት እየተቆረሱ ወረዱ። ግንዱ ላይ አንድ ብቻ ቀረ። ወፍራም ሸማ ስለሆነ በጀርባው በኩል አልበሰበሰም። ቋጠሮው ሁለት ጊዜ ታስሮ ጫፉ በነጭ ክር ተሰፍቷል። ሱታት ቋጠሮ አያምንም ነበር፤ የጫማውን ማሰሪያ እንኳ ይሰፋ ነበር።

"ይህኛውስ?" አለ ኖራሴት። "ልቁረጠው ወይስ እርስዎ ይፈቱታል?"

"ቁረጠው።"

ቆረጠው። "ይወስዱታል?" ብሎ ዘረጋልኝ።

"ከሌሎቹ ጋር አስቀምጠው" አልኩት። ቡዋኪያው አየችኝና ፊቷን አዞረች።

ኖራሴት በመንገዱ በኩል መታ፤ ድምፁ ደረቅና ጠንካራ ነበር። በሱቁ በኩል ሲመታ ከበሮ መሰለ። ቀጭን ብረት አውጥቶ ወደ ግንዱ ገፋው። ብረቱ እስከ እጀታው ገባ።

"በዚህ በኩል የቀረው ከቅርፊት ብዙም አይበልጥም" አለ።

"ለምን ያህል ጊዜ ይቆማል?"

"ነፋስ ባይኖር ብዙ ዓመት ይቆማል። ነፋስ ካለ..." ወደ ተራራው አየ። "አላውቅም መምህርት። አውቃለሁ ብል እዋሻለሁ።"

"አናቱን ብናቀልለውስ?"

"ለማቅለል ሰው መውጣት አለበት። በዚህ ግንድ ላይ ሰው አላወጣም።"

ቲራዩት ላቡን ጠረገ። "በክሬኑ ከላይ ጀምረን ማውረድ እንችላለን፣ ግን የመጣነው ለመቁረጥ ነው እንጂ ለማስተካከል አይደለም። ዛሬ ከሄድን ደግሞ ክሬኑ የሚመለሰው ከክረምቱ በኋላ ነው።"

"ታዲያ እዘዛ" አለው አንድ ሽማግሌ።

ቲራዩት አብሮት ወደመጣው የመጋዝ ሠራተኛ፣ ወደ መጋዘኛው ዞረ። መጋዘኛው የሞተር መጋዙን መሬት ላይ አስቀምጦ እጁን አጣጥፏል። "ያለ መንደሩ ቃል አልነካውም" አለ። "ሚስቴ እርጉዝ ናት።"

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

"አይቆረጥም" አለች ቡዋኪያው። በግንዱና በመጋዘኛው መካከል ቆመች። "ካምሙን እዚህ ዛፍ ሥር ነው የተወለደው። ቅጠሉን ሳያይ ቀኑ አይነጋለትም። እናንተ ምስጥ አይታችሁ ነው የምትንቀጠቀጡት? የእኔ ቤት ምሰሶ ውስጥም ምስጥ አለ፤ ለምን ቤቴንም አትቆርጡትም?"

"እህቴ፣ ይህን ክረምት አያ ካምሙን እኔ ቤት ይተኛ" አልኳት። "ሁለት ክፍል ባዶ ነው።"

"ባሌን ከቤቱ አላወጣም። ምስጡን ያመጣው ልብሱ አይደለም እንዴ? ልብሱን ማን አለበሰው?"

አንዲት ሴት "ቡዋኪያው" አለቻት በቀስታ።

"ባለቤቴ ነው" አልኩ። "ከዚያ በኋላ ደግሞ በየዓመቱ ሁላችንም። አንቺም ጭምር።"

የመጀመሪያው ነፋስ ያኔ መጣ። ፍሬዎቹ በአንድ ጊዜ ለቀቁና በሱቁ በረንዳ ቆርቆሮ ላይ ተንጫጩ። ዛፉ ከውስጡ አንድ ድምፅ አሰማ፤ በር ቀስ ብሎ ሲከፈት የሚሰማ ዓይነት። ቲራዩት ወደ መኪናው ሸሸ። ሕዝቡም አብሮ አፈገፈገ። ቡዋኪያው ከቦታዋ አልተነቃነቀችም። እኔ በጎኗ አልፌ ወደ ሱቁ ገባሁ፣ ድስቱን አልፌ ወደ ጓዳው።

ካምሙን በጀርባው ተኝቶ የተጠገነውን ጣሪያ ያያል።

"መምህርት፣ ሊቆርጡት ነው?"

"አልተወሰነም። አያ ካምሙን፣ አንተ ምን ትላለህ? የሚወድቀው በአንተ ላይ ነው።"

ዓይኑን ከጣሪያው አላነሳም። "ሲሰነጠቅ እሰማዋለሁ። ከአዲስ ዓመት በፊት ጀምሮ። እሷ በሥራ ደክማ ትተኛለች፣ እኔ እሰማለሁ።"

"ለምን አልነገርካትም?"

"እሷ ለእኔ ብላ ነው የምትሟገተው። እኔ ደግሞ ፈራሁ ብዬ ልነግራት ነው? በዚህ አልጋ ላይ የቀረኝ አለመፍራት ብቻ ነው።" ፊቱን ወደ እኔ አዞረ። "እንዳትነግሪያት። አንቺ ግን እንደሚገባሽ አድርጊ።"

ስወጣ ቡዋኪያው "ምን አለሽ?" አለችኝ።

"ሰላም ልለው ነው የገባሁት።"

"ምን አለሽ?"

"ምንም።" ወደ መጋዘኛው ዞርኩ። "ቁረጡት።"

ቡዋኪያው አልጮኸችም። ማማሰያዋን ወደ ቦዩ ወረወረችና ገብታ የሱቁን በር ዘጋች። ካምሙንን አውጪልን ብንላት አልከፈተችም። ኖራሴት በጓሮ በር ገብቶ ከሌላ ሰው ጋር በፍራሹ ተሸክመው አወጡት። እሷ ከኋላው ትራሱን ይዛ ወጣች፣ በአጠገቤ ስታልፍ አላየችኝም።

አለቃው ለዛፉ የስንብት ጸሎት አደረሱ። መጋዘኛው በጉልበቱ ወድቆ ሰገደ፣ ይቅርታ ጠየቀ፣ ከዚያ በክሬኑ ቅርጫት ወጣ። ከላይ ጀምረው ቅርንጫፍ በቅርንጫፍ በገመድ አወረዱት። ነፋሱ ባየለ ቁጥር ቅርጫቱ ይወዛወዛል፤ ሁላችንም ቀና ብለን እናያለን። ግንዱ ተቆርጦ ሲያበቃ ትላልቅ ጠብታዎች መውደቅ ጀመሩ።

ጉቶውን ለማየት ተጠጋን። መሐሉ ጥቁር ባዶ ነበር፤ ነገር ግን ባዶው ኖራሴት ከገመተው ያንስ ነበር። ዙሪያውን ቀይና ጤነኛ እንጨት ከብቦታል፣ በሱቁ በኩልም ጭምር፣ ብረቱ የገባበትን ቦታ ብቻ ሳይጨምር። ቡዋኪያው ዝናቡ ላይ ቆማ አየችው።

"ታዲያ?" አለች።

ኖራሴት ሄልሜቱን አወለቀ። "ሊቆም ይችል ነበር። ሊወድቅም ይችል ነበር።"

"እኔ የጠየቅሁት እሷን ነው።"

ወደ በረንዳዬ ዞር ብዬ አየሁ። ካምሙን በእኔ በረንዳ ላይ በፍራሹ ተጋድሞ ይሰማን ነበር። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ዝናቡ መሸት እስኪል ዘነበ። ነፋሱ የሙዝ ተክሎችን ጣለ፣ የገዳሙን አጥር አጎበጠ፤ የቀሩት ያንጎች ግን አልወደቁም። በቀጣዮቹ ቀናት የሁሉንም አሮጌ ልብስ አወለቅን፤ አለቃው በየዛፉ ጸለዩ። አሁን እያንዳንዱ አንድ ልብስ ብቻ ለብሷል፣ ላላ ብሎ፣ በዓመቱ ሲቀየር ግንዱ የሚታይበት። ኖራሴት ሁሉንም በመዶሻው አዳመጠ። ደህና ናቸው አለ።

ከገዳሙ በር እስከ ድልድዩ ያሉት ዛፎች በየቦታቸው አሉ። በቡዋኪያው ሱቅ ፊት የነበረው የለም።