የሐምሌው ማማ

በሐምሌ ማማ የሚሠራ ሰው አይቼ አላውቅም፤ ዘንድሮ እኔው ሠራሁ። ማማ ማሽላ ሲያፈራ ወፍ የሚጠበቅበት የእንጨት ቆጥ ነው። በሐምሌ ማሽላው ገና ከጉልበት አያልፍም፣ ወፍም የሚለቅመው የለውም። ጎረቤቴ ፈረደ ከአጥሩ በላይ አንገቱን ብቅ አድርጎ፣ «ዙፋን፣ ዘንድሮ ቆርቆሮሽን ወፍ ሊበላው ነው እንዴ?» አለኝ።

«አንተን የመሰለ ወፍ ካለ ምን ይታወቃል» አልሁትና ጉድጓዴን መቆፈር ቀጠልሁ።

ነገሩ የስልክ ነው። አምና ግንቦት ላይ አሮጌው ኔትወርክ ተዘጋና ደጃፌ ቁጭ ብዬ ጎንደር ድረስ የማወራበት ባለ ቁልፍ ስልኬ ጭጭ አለ። እኛ ጤና ጣቢያው ካለበት ከኮኪት በእግር የአንድ ሰዓት ተኩል መንገድ ነን። በመካከል ኾር አለ፤ በጋ ደረቅ አሸዋ ነው፣ ክረምት ግን ደጋው ላይ ዘንቦ እዚህ ፀሐይ እያለ ድንገት የሚሞላ ወንዝ።

በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ ምራቴ የትናየት የመጀመሪያ ልጇን አማጠች። ልጄ ደሴ ከመንደሩ አንድ ያለውን አዲስ ስልክ ተውሶ፣ ኔትወርክ የሚገኝበት ጉብታ ድረስ ግማሽ ሰዓት ሮጠ። አምቡላንሱ ሲደርስ ኾሩ ሞልቷል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው። መኪናው ወዲያ ማዶ፣ እኛ ወዲህ ማዶ ቆመን ተያየን። ውሃው ሲጎድል በቃሬዛ አሻገርናት። እሷ ተረፈች፣ ልጁ አልተረፈም። ወንድ ነበር።

ሹፌሩ ሰውነት አንገቱን ደፍቶ፣ «እማማ፣ ግማሽ ሰዓት ቀድማችሁ ብትደውሉ ኖሮ» አለኝ። ያችን ግማሽ ሰዓት ዓመት ሙሉ ተሸክሜያት ዞርሁ። ሰው ሊያጽናናኝ እየመጣ የእግዜር ሥራ ነው ይለኛል። እግዜር ኔትወርክ አልዘጋም።

አዲስ አንቴና ይተከላል ተባለ፤ ጠበቅን፣ አልመጣም። የትናየት ዳግም ስታረግዝ መጠበቁን ተውሁት። ዘንድሮ ጥሪው ከገዛ ግቢዬ ይወጣል ብዬ ማልሁ።

መጀመሪያ ገንዳ ውሃ ሄጄ ስልክ ለሚጠግነው ለውባንተ ስልኬን ሰጠሁት። ገልበጥ አድርጎ አየና፣ «እማማ፣ ስልክዎስ አልተበላሸም። የሚያነጋግረው ነው የሄደበት» አለኝ። ባሌ ከሞተ ወዲህ እኔም እንደዚያው ነኝ ልለው አሰብሁ፤ ተውሁት።

አዲሱን ኔትወርክ ፎርጂ ይሉታል። አንዲት ፍየል ሸጬ እሱን የሚያውቅ ስልክ ገዛሁ። ውባንተ ጥሪው በፎርጂ እንዲያልፍ ውስጡን ነካክቶ አስተካከለልኝና፣ «ቆርቆሮ ቤት ውስጥ አይሞክሩት፣ ብረት አያሳልፈውም። ከፍታ ይፈልጉለት» አለኝ።

ፈለግሁለት። ግቢውን ዞርሁ፣ ኩይሳ ላይ ወጣሁ፣ ጋሪ ላይ ቆምሁ። ፈረደ «ሸበካ ማፊ» እያለ ይስቅብኛል፤ በሱዳኖቹ ዐረብኛ ኔትወርክ የለም ማለቱ ነው። በመጨረሻ ማሳችን ዳር ቆሞ የቀረውን የአምና ማማ አየሁትና ጉልበቴን እየረገምሁ ወጣሁ። ሁለት መስመር ታየኝ። ማሳው ግን ከቤት ሩቅ ነው፤ የምታምጥ ሴት ጥሎ እዚያ ድረስ መሄድ ያው የአምናው ሩጫ ነው። እንግዲያው ማማው ቤት ይምጣ አልሁ።

ደሴ አፈረብኝ። «እማ፣ በሐምሌ ማማ? ሰው ምን ይላል?»

«ሰው አምናም ብሏል። ልጅህን ግን አላተረፈውም።»

 በማግሥቱ ከእኔ ቀድሞ መጥረቢያውን ይዞ ወጣ።

በግቢው ምዕራብ በኩል መሬቱ ከፍ ስለሚል እዚያ ተከልነው። ወጥቼ ስልኩን ባየው መስመሩ ሁሉ ሞልቷል። እልል አልሁ። የትናየት ያሳየችኝን ተጫንሁና ኮኪት ጤና ጣቢያ ለምትሠራው አዋላጅ ለመቅዲ ደወልሁ። አንዲት ሴት በዐረብኛ መለሰችልኝ። ወጣትነቴን መተማ ዮሐንስ ገበያ ላይ ሽንኩርት ስቸረችር ያሳለፍሁ ነኝና ገባኝ፤ የደወሉት ቁጥር ትክክል አይደለም ነው የምትለው። ስልኬ ድንበር ተሻግሮ የሱዳኑን አንቴና ይዟል። እኛ የዚህ አገር ሰዎች ስኳሩም ሽቶውም ከወዲያ ሲመጣልን ስለኖረ፣ ሙሉ ነገር ካየን ከየት መጣ ብለን አንጠይቅም። እኔም ሳልጠይቅ እልል አልሁ። ፈረደ ሳቁን ለመጨረስ አጥሩን ተደገፈ።

ተመልሼ ገንዳ ውሃ ሄድሁ። ውባንተ፣ «ራሱ እንዲመርጥ ትቼው ኖሯል፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። አሁን የኛን ብቻ ይይዛል» አለኝ። ቤት ስመለስ ግን ምዕራቡ ማማ ላይ ምንም አልያዘም። በእኛና በኮኪት መካከል፣ ግቢያችን ውስጥ፣ አንድ ትልቅ የባምባ ዛፍ ቆሞ ከልሎታል። ደሴ መሬት ላይ ቁጭ አለ።

«በቃ እማ፣ ሞከርን።»

«ንቀለው» አልሁት።

ነቀልነው። ከባምባው ወዲያ በምሥራቅ በኩል፣ ሁለት ክንድ አስረዝመን መልሰን ተከልነው። እጄ ውሃ ቋጥሮ፣ ወገቤ አልታጠፍ ብሎ ወጣሁ። ሁለት መስመር። ሁለት ብቻ ነው፣ ግን የኛ ነው። ደወልሁ።

«ማን ልበል?» አለች መቅዲ።

«ዙፋን ነኝ። ለሙከራ ነው» አልኋትና ዘጋሁባት።

በሳምንቱ ፈረደ አንገቱን እያሻሸ ለልጄ ልደውል ብሎ መጣ። ለአረም የመጡ የጎጃም ልጆችም እሑድ እሑድ ተሰለፉ። ማንንም አልከለከልሁም። የእኔ ስልክ ግን የትናየት እስክትገላገል ድረስ ከአንገቴ አይወርድም።

መቅዲ ነሐሴ አጋማሽ ላይ ጤና ጣቢያው የእናቶች ማቆያ ገብታ ምጧን እዚያ ትጠብቅ ብላ ቀጥራት ነበር። ምጡ ቀጠሮ አላከበረም። ነሐሴ ስድስት ቀን፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ የትናየት ምሰሶውን ይዛ «እማ» አለችኝ። ድምፅዋን ከአምናው አውቀዋለሁ። ምንም ሳልጠይቃት ማማው ላይ ወጥቼ ደወልሁ።

መቅዲ አልዘገየችም። ወዲያው ሹፌሩ ሰውነት ከመኪናው ደወለልኝ። «እማማ፣ ኾሩ እንዴት ነው?»

ከላይ ሆኜ ሁሉ ይታየኛል። «አሸዋ ነው። ደጋው ግን ጠቁሯል፣ ፍጠን።»

ፈጠነ። መኪናው ግቢ ሲደርስ ደሴ የትናየትን ደግፎ አስገባት። ልወርድ አንድ እግሬን ካነሳሁ በኋላ ሰውነት ቀና ብሎ አየኝ። «እማማ፣ ጎርፉ የሚመጣበት የኾሩ መጠምዘዣ ከታች አይታየኝም። እስክሻገር እያዩ ይንገሩኝ።»

የትናየት በመስኮቱ እጇን ዘረጋችልኝ። አምና ሌሊቱን ሙሉ የያዝሁት እጅ ነው፤ ልይዘው ፈለግሁ። ያነሳሁትን እግሬን ማማው ላይ መለስሁ።

«እማ፣ ነይ እንጂ» አለ ደሴ።

«ሂዱ። እኔ እዚህ ነኝ።»

ስልኩን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ዓይኔን ከመጠምዘዣው አልነቀልሁም። መኪናው አፋፉ ላይ ሲደርስ ቡናማው ውሃ ግንድ እያንከባለለ ብቅ አለ። ሰውነት ፍሬን ያዘ።

«መጣ እንዴ?»

«መጠምዘዣው ላይ ነው፣ ትደርሳለህ። እንዳትቆም። ግባ።»

ገባ። ጎማው አሸዋው መካከል ሾረ። ከዚያ ወዲያ ማዶ ብቅ አለ፤ ጥቂት ቆይቶ ውሃው ኾሩን ከዳር እስከ ዳር ሞላው። እነሱ ወዲያ፣ እኔ ወዲህ ቀረሁ።

ዝናቡም መጣ። ፈረደ የማዳበሪያ ጆንያ ይዞ ከማማው ሥር ቆመ። «ዙፋን፣ ውረጂ፣ መብረቅ አለ።»

«ብወርድ ማን ያነሳዋል?»

አልሳቀብኝም። እንጨቱን ተንጠላጥሎ ጆንያውን አቀበለኝና እዚያው መሰላሉ ላይ ቆመ። ዝናቡ አባራ፣ ፀሐይዋ ወደ ሱዳን አዘቀዘቀች። ስንት ጊዜ አቡነ ዘበሰማያት እንዳልሁ አላውቅም። ፈራሁ፤ በጣም ፈራሁ።

ስልኩ ጮኸ።

«ማን ልበል?» አልሁ።

«መቅዲ ነኝ፣ እማማ። ለሙከራ ነው» አለች። ከኋላዋ ሌላ ድምፅ መጣ፤ ቀጭን፣ ቁጡ፣ ትንፋሽ እየሰበሰበ የሚያለቅስ።

ፈረደ ከሥሬ ሆኖ፣ «ምን አሉ?» አለኝ።  ጎንበስ ብዬ ስልኩን ጆሮው ላይ አደረግሁለት።