የጎረቤት እንክብል

እታገኝ ሦስት ቀን ሙሉ የሆስፒታሉን የሕፃናት ክፍል ሰው ሁሉ በጎሪጥ ስታይ ሰነበተች። አይፈረድባትም፤ ከግጭት ሸሽታ፣ ጊዳ አያና ቤት ንብረቷን ጥላ፣ ነቀምቴ ገብታ ዘመድ የሌላት ሴት ማንን ትመን?

የሦስት ዓመት ልጇን ባዩሽን ትኩሳት አልለቅ ብሏት ነው ያመጣቻት። የገቡ ዕለት ዶክተር ገላና፣ «ከዚህ በፊት መድኃኒት ሰጥተሻታል?» ሲላት፣ «ኧረ ምንም» አለች። ውሸቷን ነው። በሰፈሯ የተረፈ መድኃኒት አይጣልም፤ እንደ እርሾ ከቤት ቤት ይዞራል። እሷም የጎረቤቷን እንክብል እየፈታች፣ በስኳር በጥብጣ አራት ቀን አጠጥታታለች። ይህን ብናገር ያባርሩኛል ብላ ፈራች።

ዛሬ ጠዋት ዶክተሩ፣ «ደሟ ተመርምሮ ምንም ጀርም አልተገኘም። መድኃኒት ያለ ምክንያት ካበዛንባት የሚያስፈልጋት ቀን አይሠራላትም። የጀመርንላት መርፌ ከነገ ጀምሮ ይቆማል» አላት።

ከባዩሽ አጠገብ ባለው አልጋ የተኛው ኢቢሳ፣ የድርቤ ልጅ፣ ግን መርፌውን ይወጋል። የኔ ልጅ ሲሆን ይቆማል፣ የነሱ ሲሆን ይቀጥላል፤ አይ ጊዜ፣ አለች እታገኝ በሆዷ።

ድርቤ እንኳ ደግ ሴት ነበረች፤ «ሀዳ ባዩሽ፣ የባዩሽ እናት፣ ነይ ብዪ» እያለች ምሳዋን ታካፍላታለች። አሁን ግን በር ላይ ከዶክተሩ ጋር በኦሮምኛ ስትንሾካሾክ አየቻት። እታገኝ ቋንቋውን ለገበያ ያህል ትሰማለች፤ «ቆሪቻ»፣ መድኃኒት፣ ሲሉ ጆሮዋ ጥልቅ አለ። ይኸው፣ የልጄን ድርሻ ለልጇ እያስደረገች ነው።

ዶክተሩ ተመልሶ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«አልቆጣሽም። ጓዝሽ ውስጥ ባዶ የእንክብል ማሸጊያ ታይቷል። ሰጥተሻት ከነበረ ጀርሙ ከምርመራው ተደብቆብን ይሆናል። መርፌውን ላቆም ያሰብኩት ምንም አልሰጠኋትም ስላልሽኝ ነው።»

እታገኝ ወደ ድርቤ ዞረች። ድርቤ አንገቷን ደፋች። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ማለት ይኼ ነው። ግን ባዩሽ ጭኗ ላይ እንደ እሳት ትጋያለች፤ ምን አማራጭ አላት?

«አራት ቀን አጠጥቻታለሁ» አለች።

«እንግዲያው አናቆምም» አለ ዶክተሩ። ደግመው ለምርመራ ደም ቀዱላት፣ መርፌውም ቀጠለ።

በሁለተኛው ቀን ትኩሳቱ ለቀቃት፤ ባዩሽ ገንፎ ጠየቀች። እስከዚያ ድረስ እታገኝ ከድርቤ ጋር ቃል አልተነፈሰችም ነበር።

«አንቺ ነሽ የተናገርሽብኝ» አለቻት።

«አዎ፣ እኔ ነኝ። ልጅቷ ስትሞት ዝም ብዬ ልይ? አንቺስ ብትሆኚ አትናገሪም ነበር?»

እታገኝ እናገራለሁ ልትል አፏን ከፈተች። ግን መዋሸት መረራት።

«አልናገርም ነበር» አለች። «የናንተ ልጅ ነው ብዬ ዝም እል ነበር።»

ድርቤ ኢቢሳን ቀስ ብላ አነሳችና ከእታገኝ አርቃ ወደ ወዲያኛው ጎኗ አሻገረችው።